ግልጽ ደብዳቤ፦ የማመንጫው ቦታ ከመመረጡ በፊት ጎረቤት ይጠራ

ለኢትዮጵያ የኑክሌር ኃይል ዕቅድ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች
ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከቀጣዮቹ ትልልቅ ዕቅዶች መካከል የኑክሌር ኃይልን ጠሩ። ብዙዎቻችን በግድቡ ደስታ ላይ ስለነበርን ያን ያህል ልብ አላልነውም። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ሞስኮ ላይ ከሩሲያ መንግሥት የኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ነገሩ የምር መሆኑ ያኔ ገባን።

ኑክሌር ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ማመንጫው የት ይተከል የሚለው ከመወሰኑ በፊት ጎረቤቶቻችንን ጥሩ። ሱዳንን፣ ደቡብ ሱዳንን፣ ኬንያን፣ ሶማሊያን፣ ጂቡቲን፣ ኤርትራን። የማንዋሰናትን ግብፅንም ጭምር።

«ግብፅን ደግሞ ምን ልትሆን?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ለዚያ ነው ወደ ደቡብ አሜሪካ ይዣችሁ የምሄደው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ብራዚልና አርጀንቲና ዛሬ የሚጣሉት በእግር ኳስ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ሁለቱንም የሚመሩት ወታደሮች ነበሩ፤ ሁለቱም እርስ በርስ በጎሪጥ ይተያዩ ነበር። ሁለቱም የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አንፈርምም ብለው ነበር። አርጀንቲና የአቶሚክ ኮሚሽኗን ያቋቋመችው በ1950 ነው። በነገራችን ላይ አጀማመሯ ያስቃል። ፕሬዚዳንት ፔሮን አንድ ኦስትሪያዊ ሳይንቲስትን አምነው በ1951 «የፀሐይን ኃይል በቤተ ሙከራ ተቆጣጠርን» ብለው ለዓለም አወጁ። ነገሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሥራውን ከሚሠራው ሰው በፊት መግለጫው የሚቀድምበት በሽታ የቆየ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አርጀንቲናውያን ቁጭ ብለው ሠሩ። በ1974 በፓራና ወንዝ ዳር አቱቻ የተባለውን ማመንጫ ሥራ አስጀመሩ። በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ብራዚል በአንጻሩ ወደኋላ ቀርታ ነበር። ያንን ለማካካስ ይመስላል፣ በ1975 ከምዕራብ ጀርመን ጋር እስከ ስምንት ሪአክተር፣ ከነዩራኒየም ማበልጸጊያው (ለማመንጫ ነዳጅም ለቦምብም የሚሆን ዩራኒየም ማዘጋጃ ነው)፣ ትልቅ ውል ገባች። አሜሪካ ተቆጣች። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስም ብራዚል ምን እያሰበች ነው ማለት ጀመረች። በነገሩ መጨረሻ ከስምንቱ ያለቀው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ኃይል የሰጠው በ2000 ነው።

አሁን ግድቡን ጨምሩበት።

ብራዚል በዚያው በፓራና ወንዝ ላይ፣ ከፓራጓይ ጋር ሆና፣ ኢታይፑ የተባለውን ግዙፍ ግድብ ለመሥራት በ1973 ተፈራረመች። አርጀንቲና ከታች ናት። ጮኸች። ሳያማክሩን በጋራ ወንዝ ላይ ሊሠሩብን ነው አለች። ከታች ልሠራው ያሰብኩት ኮርፐስ የተባለ ግድብ ሊበላሽብኝ ነው አለች። ብራዚሎች የግድቡን በሮች ባንዴ ቢለቋቸው ቦነስ አይረስ በጎርፍ ትወሰዳለች የሚል ፍርሃትም ይናፈስ ነበር። ጉዳዩ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ሄደ። ብራዚል ደግሞ በገዛ ግዛቴ ለምሠራው ሥራ የማንንም ፈቃድ አልለምንም አለች። ይህን ክርክር የት እንደምታውቁት እኔ ልነግራችሁ አይገባም።

የተፈታው በመሐንዲሶች ቁጥር ነው። በጥቅምት 1979 ሦስቱ አገሮች ተፈራረሙ። የኮርፐስ ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 105 ሜትር ይሆናል ተባለ። የኢታይፑ አሠራርና የሚለቀው ውሃ የሚለዋወጥበት ልክ ተወሰነ። በቃ። የሚገርመው ኮርፐስ እስከ ዛሬ አልተሠራም። ያን ያህል ዓመት የተጨቃጨቁት ላልተወለደ ግድብ ነበር።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ከዚህ በኋላ በሆነው ነገር ምክንያት ነው። ውሉ ከተፈረመ ሰባት ወር ቆይቶ፣ በግንቦት 1980፣ የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ፊጌሬዶ ቦነስ አይረስ ሄዱ። ከአርጀንቲናው መሪ ከጄኔራል ቪዴላ ጋር ቁጭ ብለው የኑክሌር ትብብር ስምምነት ፈረሙ። ሁለት ወታደራዊ መንግሥታት፣ ሁለቱም ምስጢረኛ፣ ሁለቱም ተጠራጣሪ፣ ግድቡ ከመሐላቸው ሲነሳ ስለ አቶም ማውራት ቻሉ። ዴሞክራሲ እስኪመጣ አልጠበቁም። ዕቃም መለዋወጥ ጀመሩ። አርጀንቲና ዩራኒየም አበደረች፤ ብራዚል አርጀንቲና አቱቻ ላይ ለምትሠራው ለሁለተኛው ማመንጫ ከባድ የብረት ክፍሎች ሠራች።

ቀላል መንገድ ነበር አልላችሁም። በኅዳር 1983 አርጀንቲና አንድ ጉድ አወጣች። ፓታጎኒያ ውስጥ ፒልካኒዬው በተባለ ቦታ፣ በምስጢር፣ ዩራኒየም ማበልጸግ መቻሏን አስታወቀች። ብራዚል ልትደነግጥ ይገባት ነበር። ግን የአርጀንቲናው ፕሬዚዳንት ዜናው ከመውጣቱ በፊት ለብራዚሉ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ልከው ነበር። ሰውየው ከጋዜጣ አልሰሙም። በ1987 ብራዚል ተራዋ ደርሶ እኔም ችያለሁ ስትል እሷም አስቀድማ መልእክተኛ ላከች። እኔ ከጠቅላላው ታሪክ ይህችን ደብዳቤ ነው የምወዳት። ምስጢሩን የያዘው ሁሉ ምስጢሩን ማፍረስ ባይፈልግም፣ ጎረቤቱ በሬዲዮ እንዳይሰማው ማድረግ ግን ይችላል። ወጪው አንድ ፖስታ ነው።

ሲቪሎቹ ሥልጣን ሲይዙ ነገሩ ፈጠነ። በኅዳር 1985 የአርጀንቲናው ራውል አልፎንሲንና የብራዚሉ ዦዜ ሳርኔይ ድንበር ላይ ባለችው በፎዝ ዶ ኢጉዋሱ ከተማ ተገናኙ። የጋራ የኑክሌር መግለጫ ፈረሙ። አልፎንሲን በዚያው ኢታይፑን ሄደው ጎበኙ። ያ ቦነስ አይረስን ያሰጥማል ይባል የነበረውን ግድብ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1987፣ አልፎንሲን ሳርኔይን ይዘው ፒልካኒዬው ገቡ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ መኖሩ እንኳ የማይታወቅ ሕንፃ ነበር። በሚያዝያ 1988 ሳርኔይ በተራቸው አልፎንሲንን ወስደው የብራዚል ባሕር ኃይል የሚያስተዳድረውን፣ ኢፔሮ አካባቢ ያለውን አራማር የተባለ የማበልጸጊያ ማዕከል አስመረቋቸው። ፕሬዚዳንቶቹ ለፎቶ ነው የገቡት ልትሉ ትችላላችሁ። ግን ፕሬዚዳንት ብቻውን አይሄድም። ከኋላ የሚከተሉት ባለሙያዎች ቧንቧ አይተው የሚያነቡ ሰዎች ናቸው።

በ1990 የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ኮሎር አማዞን ውስጥ ካሺምቦ በተባለ የጦር ሠፈር ሄደው አካፋ አነሱ። እዚያ 320 ሜትር ያህል ወደ ታች የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ለኑክሌር ፍንዳታ ሙከራ የተዘጋጀ ነው ይባላል። በካሜራ ፊት ደፈኑት። በዓመቱ፣ በሐምሌ 1991፣ ሜክሲኮ ውስጥ ጓዳላሃራ ላይ ሁለቱ አገሮች ያልተለመደ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የብራዚልና የአርጀንቲና የኑክሌር ቁሶች ሒሳብና ቁጥጥር ኤጀንሲ ነው፤ በምህጻረ ቃሉ አባክ ይሉታል። መቀመጫው ሪዮ ዴ ጄኔሮ ነው።

አሠራሩን ትንሽ ልዘርዝር። የሚገርመው ቀላልነቱ ነው። የብራዚልን ተቋማት የሚፈትሹት አርጀንቲናውያን ናቸው። የአርጀንቲናን የሚፈትሹት ብራዚላውያን። አብዛኞቹ የኤጀንሲው ቋሚ ሠራተኞች አይደሉም። በየአገራቸው ተቋም የሚሠሩ የዘርፉ ባለሙያዎች ናቸው፤ ለፍተሻ ሲፈለጉ ይጠራሉ። ሄደው መዝገብ ያያሉ። መዝገቡ ይህን ያህል ዩራኒየም አለ ካለ ይመዝናሉ፣ ናሙና ይወስዳሉ፣ ማኅተሙ እንዳልተነካ ያረጋግጣሉ። የኤጀንሲው ጸሐፊነት በየዓመቱ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይዞራል። በታኅሣሥ 1991 ደግሞ ቪየና ላይ ሁለቱ አገሮች፣ አባክና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አራት ወገን ሆነው ተፈራረሙ፤ ስለዚህ ሦስተኛ ዓይንም አለ። አርጀንቲና በ1995፣ ብራዚል በ1998 ቀደም ሲል አንፈርምም ያሉትን ስምምነት ገቡበት። ማንም በግድ አላስገባቸውም። የሚፈሩት ጎረቤት አንድ ጊዜ ጓዳቸውን ካየ በኋላ የቀረው ዓለም ቢያይ ምን ይሆናሉ?

ይህን ሁሉ ሳወራ ቅዱሳን ላደርጋቸው አይደለም። በ2004 ብራዚል ሪዜንዴ ያለውን የማበልጸጊያ ፋብሪካዋን ለዓለም አቀፎቹ ተቆጣጣሪዎች ስታሳይ ዩራኒየሙን እያሽከረከሩ የሚያበለጽጉትን ማሽኖች፣ ሴንትሪፊውጆቹን፣ በመከለያ ሸፍናቸው ነበር። ቴክኖሎጂዬን እንዳትሰርቁኝ አለች። ጭቅጭቅ ሆነ፤ ኋላ በስምምነት ተፈታ። እምነት ማለት ሁሉን ማሳየት አይደለም ማለት ነው። ምኑ እንደሚታይና ምኑ እንደማይታይ አስቀድሞ መነጋገር ነው። ይሄ ደግሞ እኛም እንችለዋለን።

አሁን ወደ ቤታችን። ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን አድርጉልኝ። እዚያ ግድቡ የላይኛው አገር ነበር፤ በኑክሌር ቀድሞ የሄደው የታችኛው አገር ነበር። እዚህም እንደዚያው ነው። ግብፅ የመጀመሪያ የምርምር ሪአክተሯን ኢንሻስ ላይ ያስጀመረችው በ1961 ነው። ሁለተኛውን በ1990ዎቹ የሠራላት ማን ነው ብትሉ፣ ኢንቫፕ የተባለ የአርጀንቲና ኩባንያ ነው። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ በሜዲትራኒያን ዳር ኤል ዳባ ላይ በድምሩ 4,800 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ሪአክተሮች እየተገነቡ ነው። ገንቢው ሮሳቶም ነው። ማለትም እኛ ሞስኮ ላይ የፈረምንለት ድርጅት የካይሮንም ዶሴ ይዟል። ሩሲያውያን የሁለታችንንም ዕቅድ እያወቁ እኛ ስለ እርስ በርሳችን ከዜና ማሰራጫ መስማታችን ያስቃል፣ ያሳዝናልም።

ልዩነቱም አለ። እነሱ ግድቡን ፈተው ነው ወደ አቶሙ የሄዱት። እኛ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከተፈረመው የመርሆች መግለጫ ወዲህ አሳሪ ውል ላይ አልደረስንም። «እንግዲያው ግድቡ ሳይቋጭ ስለ ኑክሌር ምን ይወራል?» ለሚል ሰው መልሴ ተቃራኒው ነው። በኑክሌር ላይ እንደ ዓባይ ውሃ የ1929 ውል የለም። የ1959 ውል የለም። ታሪካዊ ድርሻ የሚባል ነገር የለም። ማንም በማንም ያልተቀየመበት አዲስ ርዕስ ነው። ተደራዳሪዎቹም የዲፕሎማሲ ሰዎች ብቻ አይሆኑም፤ ስለ ጨረር መለኪያና ስለ ድንገተኛ አደጋ ዝግጅት የሚያወሩ መሐንዲሶች ናቸው። በውሃው ላይ መነጋገር ያቃታቸው ሰዎች በዚህ ሊግባቡ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። የዋህ ብትሉኝም እሺ።

ደግሞም ውሃው ከኑክሌሩ አይለይም። ሪአክተር ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ማመንጫ በማቀዝቀዣ ማማ ቢሠራ በትነት የሚያጣው ውሃ በሰከንድ ከ1 ሜትር ኪዩብ ያነሰ ነው። ዓባይ ድንበር ላይ ሲደርስ በዓመት አማካይ በሰከንድ 1,500 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ከምንም አይቆጠርም። ግን ይህን ቁጥር ከእኛ መሐንዲስ ቀድሞ የሰማ ሱዳናዊ ወይም ግብፃዊ አንድ ነገር ያስባል። «ኢትዮጵያ ዓባይ ላይ ኑክሌር ልትተክል ነው» የሚል የቴሌቪዥን ርዕስ ብቻ የሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል። ኦሞ ላይ ከሆነማ ወንዙ የሚገባው መውጫ የሌለው ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ኬንያውያን የሚጠይቁት ጥያቄ ሌላ ነው። ዋቢ ሸበሌም የሶማሊያ ገበሬ እጅ ላይ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ የቦታ መረጣው የእኛ የጂኦሎጂ ጥናት ብቻ ሊሆን አይችልም።

ጎረቤት ሳይጠራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ቤላሩስን ተመልከቱ። አስትራቬትስ ላይ፣ ከሊቱዌኒያ ዋና ከተማ ከቪልኒዩስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ሁለት ሪአክተሮች ተከለች። የሠራው ሮሳቶም ነው። ሊቱዌኒያ ቦታው እንዴት ተመረጠ ብላ ስትጮህ ኖረች። በ2017 ማመንጫው ለብሔራዊ ደኅንነቷ ስጋት ነው የሚል ሕግ አወጣች። በ2019 የድንበር ዘለል የአካባቢ ተጽዕኖ ስምምነት አባል አገሮች ቤላሩስ ስለ ቦታው ምርጫ በቂ ማስረጃ አላቀረበችም አሉ። በ2020 ማመንጫው ሥራ ሲጀምር ሊቱዌኒያ ከቤላሩስ የሚመጣ ኤሌክትሪክ አልገዛም ብላ ዘጋች። ለዜጎቿም የአዮዲን ክኒን አደለች።

ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ ንግድ ስለሆነ ነው። እኛ ለጎረቤት ኤሌክትሪክ የምንሸጥ አገር ነን። ለጂቡቲ እንሸጣለን፣ ለሱዳን እንሸጣለን። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባው መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። ያ ሁሉ ማማ የተተከለው ገዢው አይቀየምም ተብሎ ነው። ናይሮቢ ፓርላማ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ «ከዚያ ማመንጫ የመጣ መብራት አንፈልግም» ቢል ማን ይከስራል?

ወዳጅ ጎረቤትም ቢሆን ዝም አይልም። ስዊድንና ዴንማርክ እንደ እህትማማች ናቸው። ግን የስዊድኑ ባርሴቤክ ከኮፐንሃገን ባሕር ተሻግሮ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። ዴንማርካውያን ለዓመታት ሰልፍ ወጡበት። ስዊድን አንዱን ሪአክተር በ1999፣ ሌላውን በ2005 ዘጋች።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። ቼርኖቤል ሲፈነዳ ሶቪየቶች ዝም አሉ። ዓለም ነገሩን ያወቀው ስዊድን ፎርስማርክ ማመንጫ ውስጥ የአንድ ሠራተኛ ጫማ ላይ ጨረር ተለክቶ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው በ1986 አደጋን ቶሎ የማሳወቅ ስምምነት ወጣ። በ1994 የወጣው የኑክሌር ደኅንነት ስምምነት በአንቀጽ 17 ላይ፣ ማመንጫ ሲታሰብ ሊነኩ የሚችሉ የስምምነቱ አባል ጎረቤት አገሮች ይመከሩ፣ ሲጠይቁም መረጃ ይሰጣቸው ይላል። አፍሪካም ከኑክሌር ጦር መሣሪያ ነጻ የሚያደርጋት፣ በ1996 ካይሮ ላይ የተፈረመው የፔሊንዳባ ስምምነት አላት፤ የራሱ ኮሚሽን ፕሪቶሪያ ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ተዘርግቷል ማለት ነው።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። በዕጩነት የተያዙት ቦታዎች ዝርዝር ገና ዝርዝር እያለ፣ ማለትም ወደ አንድ ሳይጠብ፣ ከነውሃ ፍላጎታቸው ለጎረቤቶች ይላክ። የካርቱም፣ የናይሮቢና የሌሎቹም የጨረር መከላከል ባለሙያዎች ይጠሩ፣ ከእኛዎቹ ጋር ቦታዎቹን በእግራቸው ይዩ። ሱዳን በጦርነት ላይ ናት ብላችሁ አታሳልፏት፤ ባለሙያዎቿ አሁንም አሉ። በድንበሮቻችን በሁለቱም ወገን የጨረር መለኪያ ጣቢያ ይተከል፣ ንባቡ ለሁለቱም ወገን እኩል ይድረስ። ይህን የምለው ሪአክተሩ ሲያልቅ እንዲሠራ አይደለም። ዛሬ ያለውን የተፈጥሮ ጨረር መጠን ካልለካን ነገ ጨመረ ወይስ አልጨመረም ብለን መከራከሪያ የለንም። ለካይሮ ደግሞ የኢንሻስንና የኤል ዳባን ሰዎች የሚጋብዝ ደብዳቤ ይጻፍ። እነሱም የእኛን ሰዎች ኤል ዳባ እንዲያስገቡ ይጠየቁ። እምቢ ካሉ እምቢታው በእነሱ ስም ይመዝገብ።

ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ለብቻው አንድ ነገር ልጠይቅ። ብሪክስ ውስጥ ከብራዚልም ከግብፅም ጋር አንድ ስብሰባ ላይ ትቀመጣላችሁ። ከብራዚሎቹ ጋር ስታወሩ ስለ ቡናና ስለ ስኳር ብቻ አታውሩ። ከአባክ ጋር የሠሩ ሁለት ሦስት ባለሙያዎችን አዲስ አበባ እንዲልኩልን ጠይቁ። የ1979ኙን የውሃ ውልና የ1980ውን የኑክሌር ውል የተደራደሩት የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንደነበሩ፣ ማን ማንን ቀድሞ እንደጠራ፣ ያ ደብዳቤ በ1983 ከመግለጫው ምን ያህል ቀድሞ እንደደረሰ ይንገሩን።

ዕቅዱን የያዛችሁት ደግሞ ጥሪው መቼ እንደሚወጣ በይፋ ቀን ቁረጡልን። ቀኑ ዘንድሮ ካልሆነ ምክንያቱን ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመብራት ተጠቃሚ ዜጋ